ቆጠራ

ጥር ነው፣ ኮን ከተማ፤ ውርጩ አልለቀቀንም፤
የመስኮቱ ካርቶን ከነፋስ አላዳነንም።
ሰባተኛ «ለ» ክፍል፣ ስልሳ ሁለት ልጆች
ሀያ አንድ ዴስክ ላይ፣ የሚጋፉ ክርኖች።

ሒሳብ ፈተንኳቸው። ስድስተኛው ጥያቄ፦
«በአንድ ጥማድ በሬ
ማሳውን በሦስት ቀን የሚያርስ ገበሬ
ሦስት ጥማድ ቢያሰልፍ በስንት ቀን ያርሳል?»
መልሱ አንድ ቀን ነው፤ «ለ» ላይ ይገኛል።

አስረስ አልከበበም።
በወረቀቱ ኅዳግ፣ በጠባቧ ቦታ፣
እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ሦስት ቀን። አለ ውለታ።
ሁለቱ ጥማድ የሰው ነው፤ ወንፈል ይመለሳል፤
አንዱን ቀን ለራሱ፣ ሁለቱን ለባለበሬዎቹ ያርሳል።»

ዜሮ ሰጠሁት። በቀይ።
ሮስተር ተሞልቶ ሄደ። እኔን ግን ያን ሌሊት
እንቅልፍ ነሳችኝ ያቺ ቀይ ቀለበት።

«ማን አስተማረህ?» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ፣
«ቅኔ ቤት ነበርኩ» አለኝ አንገቱን ደፍቶ፣
ሌብነት እንዳመነ ሰው።

ቅዳሜ ይዞኝ ወጣ፤ ከገደሉ አፋፍ ላይ
ተማሪ የሠራው ጎጆ፣ ሰማይ በክዳኑ የሚታይ።
የኔታ ጥላዬ ሻርፔን አይተው «የማን ነሽ?» አሉኝ፤
«የደረሳ ልጅ፣ ከዳና» ስላቸው ድንጋይ አሳዩኝ፦
«እንግዲያማ ሎህ ታውቂያለሽ። አረፍ በይ።»

ከዳገቱ ላይ ልጆች፣ በየቁጥቋጦው ሥር፣
ደበሎ ተከናንበው፣ ለየብቻ፣ ያለ ደብተር፣
ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል።
«ምን እየሠሩ ነው?»
«ቆጠራ ላይ ናቸው።»
የቁጥር መምህር ነኝና ጆሮዬ ቆመ፦
«እስከ ስንት ይቆጥራሉ?»
«ያልተባለው እስኪገኝ» አሉ የኔታ።

ሲመሽ ለነገራ መጡ። አንዱ ቅኔውን ተናገረ፤
የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙት፤ ቤቱ ተሰበረ፦
«ይኸ አምና ተብሏል፤ ሂድ፣ የራስህን አምጣ።»
አላለቀሰም ልጁ፤ እየሳቀ ወጣ።
ትናንት ያወቀው ዛሬ ያላወቀውን ይዞ ይቀመጣል፤
ማን ስንተኛ ወጣ የሚል ወረቀት የት ይለጠፋል?
ግድግዳው ጭራሮ ነው።
ቅኔ የተቀኘውንም «ዘረፈ» ይሉታል፤
እኔ ክፍል ከጎረቤቱ የዘረፈ ያልፋል፣
እዚያ ከገዛ ልቡ።

አላሳምረውም ግን።
በአስረስ ባት ላይ የውሻ ጥርስ አለ፣ ቁራሽ ሲለምን የነከሰው፤
ከነዚያ ሁሉ ልጆች ሴት አንድም አላየሁም።
እኔንም አባቴ በር ዘግቶ ነው ያቀራኝ።

አባቴ ሎሁን ሲሰጠኝ፣ ቀለሙ የጥላሸት፣
በቃሌ ስወጣው «እጠቢው» ይለኛል ምሽት።
ባዶ እንጨት ታቅፌ ስሮጥ ሰፈሩ ያውቃል፦ ዘለቀች።
እኔ ክፍል ግን ባዶ ወረቀት ዜሮ ነው።

ደሴ ላይ ሦስት ቀን ሠልጥነናል፣ «ተማሪ ተኮር»፣ በፕሮጀክተር፤
ስንወጣ ትዝ ያለኝ የውሎ አበል ነበር።
ሰኞ ጠመኔውን አስቀምጬ «ውጡ» አልኳቸው፦
«ከባሕር ዛፉ ሥር፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ለየብቻችሁ።
መልስ አልፈልግም። ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ አምጡ።»
ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አዩኝ፤ ሰዓታቸውንም አዩ።

ግማሾቹ ኳስ ተጫወቱ። አስረስ እንቅልፍ ወሰደው።
የዝና መጣች፣ ከኋላ ዴስክ፣ ድምጿን ሰምቼው የማላውቀው፦
«ቲቸር፣ ምንጩ ሲደርቅ ወረፋው ሦስት ሰዓት ነው፤
ጀሪካኑ ሀያ ሊትር፣ መንገዱ ዳገት፤
ለጥናት ስንት ሰዓት ይቀረኛል?
ለወንድሜስ ስንት ይቀረዋል?»

«ሀ» የለውም። «ለ» የለውም።
ሻርፔን ተከናንቤ ከአጥሩ ጥግ ተቀመጥኩ፤
ቆጠራ ላይ ነኝ።